«ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት ነበሩ»

(ኅዳር 2012 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ጥቂት ቦታ ነካክቼዋለሁ።)

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ተናገሪ የተባልኩት «የእምነት ሰው በቤቱ» በሚል ርእስ ነው። ርእሱን የሰጡኝ ልጆች ስለ አንድ ቅዱስ እንድናገር ጠብቀው ይሆናል። ገድል የሚያስተምሩ መምህራን ግን እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እነሱ ባሉበት እኔ ገድል ልተርክ ብል ያምርብኛል? ስለዚህ ስለማውቀው ሰው ልንገራችሁ። ስለ አባቴ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ በአንዲት በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ተክሎ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሰፍቷል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የዩኒፎርም ሱሪውን እሱ ያሳጠረለት አይጠፋም። ዓምና በዚሁ ወር፣ የቁስቋም ሰሞን፣ በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ ቶሎ በይ፣ አስከሬን ሊወጣ ነው» ተባልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ምን ይጽፋል? ከጎረቤት የሌላ ሟች የሕይወት ታሪክ ተፈልጎ መጣልኝ። ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ዓመተ ምሕረቱን ቀየርኩ። እውነቴን ነው። ያን ጽሑፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በዚህ ዓመት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ቀጥሎ ሥራ ይመጣል። ቀጥሎ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይመጣል። መሐል ላይ አንዲት መስመር አለች፤ «ባለትዳርና የስድስት ልጆች አባት ነበሩ» የምትል።

ዘመዳችን በድምፅ ማጉያ አነበበው። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። እኔ መቃብሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ቃሉን እቆጥር ነበር። አምስት ቃል። የ56 ዓመት ትዳር፣ ስድስት ልጅ፣ ያ ሁሉ ኩፍኝ፣ ያ ሁሉ ደብተርና እርሳስ፣ ያ ሁሉ ሌሊት፣ በአምስት ቃል አለቀ። የተቀየረው እንኳ ቁጥሩ ብቻ ነው። ጽሑፉን ያዋሱን ሰዎች አባት የአራት ልጆች አባት ነበሩ።

እና ዛሬ የመጣሁት ያቺን መስመር ልፈታት ነው። እንደ ስፌት።

መፍታቱን የጀመርኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሞተ ሰው የምትቆጥራቸው ቀኖች አሉ። ሠልስት፣ ሰባት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ቀን ቆጥሮ ማዘን የእኛ ፈጠራ አይደለም። እስራኤል ለሙሴ ሠላሳ ቀን አልቅሰዋል፤ ዮሴፍም ለአባቱ ለያዕቆብ ሰባት ቀን ልቅሶ አድርጓል። የቀኖቹን ምስጢር ካህናቱ ያስተምሯችሁ። እኔ በደረሰብኝ ያየሁት ጥቅም አለ፤ ወሬ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። በቀብሩ ዕለት ሰው ያለቅሳል እንጂ አያወራም። ሲረጋጋ ነው «አባትሽ እኮ አንድ ጊዜ...» ብሎ የሚጀምረው።

ሠልስቱ ዕለት አንዲት አሮጊት በከዘራ ተደግፈው ገቡ። ድሮ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከሰፈሩ ከለቀቁ ቆይተዋል። አጠገቤ ተቀመጡና ንፍሯቸውን በእጃቸው እንደያዙ «አባትሽ ስንት ጊዜ ልኬን እንደወሰደኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ።

1970 ዓ.ም. ነው። ቀይ ሽብር ጎንደርን ምን እንዳደረጋት ትልልቆቹ ታውቃላችሁ። ልጆቹን ወላጆቻችሁን ጠይቁ ከማለት በቀር ዛሬ አልገባበትም። የሴትዮዋ የበኩር ልጅ ተገደለ። ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፤ ጥቁር መልበስ እንኳ ያስጠይቃል። ሰው በራቸው ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ፣ ጣቃውን በብብቱ ያዘ፣ በጠራራ ፀሐይ ሄደ። ደጅ ላይ ለቆመው ጠባቂ «ቀሚስ ታዝዤ ነው፣ ልክ ልወስድ» አለው። ገባና ተቀመጠ። ድምፅ ሳያሰማ አብሯቸው አለቀሰ። ሲወጣ ጮክ ብሎ «ወገቡን ሰፋ ላድርገው እትዬ?» ይላል። በነጋታው እጅጌው ተረስቶ ነበርና ተመልሶ መጣ። ከዚያ አንገቱ። ከዚያ ቁመቱ።

«አንድ ቀሚስ አሥር ጊዜ ተለካሁ» አሉኝ እማማ።

«ቀሚሱስ?» አልኳቸው።

«ሰፋልኝ እንጂ! ጥቁር ነበር። የለበስኩት ግን ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።»

አባቴ ይህን አንድም ቀን አልነገረንም። የሕይወት ታሪኩ ላይ «በልብስ ስፌት ሙያ ተሰማርተው» ብዬ ጽፌዋለሁ።

አሁን አሁን ቀብር ላይ የሟች ፎቶ ያለበት ቲሸርት ታትሞ ይለበሳል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። አልቃወምም፤ ሐዘንተኛ የሚያጽናናውን ያድርግ። ነገር ግን ለባነሩ የምንሮጠውን ያህል እነዚያን አሮጊት ቁጭ ብለን ብንሰማ ምን ነበረበት? ደግሞ አልቃሾቻችንም እየጠፉ ነው። የእኛ ድንኳን ውስጥ አንዲት እናት ተነስተው እንዲህ አሉ፦

ጠበበብን ቤቱ ጠበበን ሰፈሩ፣
አንድ ሰፊ ነበረ ወሰደው አፈሩ።

ሰሙን ያልያዘ ወርቁን ይፈልግ። እኔ ከጻፍኩት ሦስት ገጽ ይልቅ እነዚህ ሁለት ስንኞች አባቴን ያውቁታል።

ጻድቅ ነበር ልላችሁ ግን አይደለም። አባቴ ይዋሽ ነበር። የማይዋሽ ልብስ ሰፊ ካለ አሳዩኝ። «ቅዳሜ ይደርሳል» ይላል፤ ቅዳሜ ሰውዬው ሲመጣ ጨርቁ መቀስ አልነካውም። ይህን ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ስግደት ይሰጠዋል፣ ይሰግዳል፣ ሰኞ ደግሞ «ቅዳሜ ይደርሳል» ይላል። በመጨረሻ ዘዴ አገኘ። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ቅዳሜ» ማለት ጀመረ። ደንበኞቹ «እግዚአብሔርማ ፈቅዷል፣ ያስቸገርከን አንተ ነህ» ይሉት ነበር።

ከሚዘገይበት ምክንያት አንዱ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ከሰዓት የደንበኛ ልብስ አይነካም። ጎንደር የአቋቋም አገር ናትና ተማሪ ከየሀገሩ ወደ በአታ ይመጣል። እነዚያ ልጆች የተቀደደውን እየያዙ በረንዳው ላይ ይሰለፋሉ። ሲጥፍላቸው ይውላል። ገንዘብ አይቀበልም። እናቴ አንዳንዴ «የኛስ ልጆች ቀዳዳ?» ትለዋለች። ልክ ነበረች። የልብስ ሰፊ ልጆች ሆነን ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ለብሰን ትምህርት ቤት የሄድንበት ጊዜ አለ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም በየቀኑ የተከፈለ ስለሆነ ቀኑን የምናውቀው ከሱ አፍ ነው። ሰኞ «ፈቀደ እግዚእ» ይላል። ስድስት ልጅ በተኛበት ቤት ግን ጸሎት ሲጀመር የሚነቃ አይጠፋም። የነቃውን ያነሳዋል፣ በጋቢው ይጠቀልለዋል፣ ወዲያ ወዲህ እያለ ይቀጥላል። እኔ እሹሩሩ የተባልኩት በግእዝ ነው። እስከ ዛሬ ሰኞ ማለዳ «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ሲባል ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል። ካህናት ይቅር በሉኝ።

ይህን የማነሳው እንዲያው ለጨዋታ አይደለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተ ሰዎቹ የማያስበውን ሰው ሃይማኖትን ከካደ ቆጥሮታል። ከባድ ቃል ነው። እኛ ሰፈር አንድም ሰንበት ሳይቀርበት የሚያስቀድስ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ልጆቹ የሚበተኑበት ሰው ነበር። እኛ ቤት አባዬ ሲመጣ እንሰበሰባለን። በኪሱ ከረሜላ ስለሚይዝ ነው፣ ዋናው ምክንያት እሱ ነው። ቢሆንም እንሰበሰባለን።

ቁስቋምን ላንሳ። ወሩም የእሷ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባውን ቀን ስደቷን ስናስብ እንቆያለን፤ ኅዳር 6 በዓሏ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራቻት ቁስቋም እዚሁ ከበላያችን ኮረብታው ላይ ስላለች የጎንደር ልጅ ስደቱን በእግሩ ነው የሚያውቀው። አባዬ በየዓመቱ ስድስታችንንም አሰልፎ ይወስደናል። ዳገቱ ላይ ስንነጫነጭ ትንሹን ትከሻው ላይ ያወጣና «ዮሴፍ አረጋዊ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በበረሃ ሄዷል፣ እናንተ ከገበያ እዚህ ድረስ ደከማችሁ!» ይለናል።

ስለ ዮሴፍ ሌላ ጊዜ ብዙም አያወራም ነበር። እኔ ነኝ ካደግሁ በኋላ ወንጌሉን ሳነብ ያስተዋልኩት። ዮሴፍ በአራቱም ወንጌላት ውስጥ የተናገረው አንድ ቃል ተጽፎ አናገኝም። መልአኩ ይናገረዋል፣ እሱ ይነሳል። «ተነሣ፣ ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ሽሽ» ሲባል በሌሊት ተነስቶ ይሄዳል። ሄሮድስ ሲሞት «ተመለስ» ይባላል፣ ይመለሳል። ሙያው ጸራቢ ነው። ጻድቅ ተብሎ ተጽፏል፤ ንግግሩ ግን አልተጻፈም። የአባቴን የሕይወት ታሪክ ባዶ ያደረገውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የሚጠቀስ ነገር አልተናገረም። የምናስታውሰው ሁሉ ሲነሳ፣ ሲሄድ፣ ሲመለስ ነው።

«ባለትዳር» የምትለዋ ቃል ላይ ልምጣ። አባቴና እናቴ የተጋቡት በ1951 ዓ.ም. በሰማንያ ነው። የቆረቡት ግን በ1975 ነው። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትልቋ እህቴ ለማግባት ደርሳለች፣ እነሱ ደግሞ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው። አፈርን። እህቴማ «ሰው ምን ይለናል» ብላ አለቀሰች። አባቴ የእናቴን ቀሚስ በራሱ እጅ ሰፋው። እንደ ልማዱ ዘገየና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በኩራዝ ጫፉን ሲዘመዝም አይቼዋለሁ። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ሃያ አራት ዓመት ጠብቄ ቀሚስ ሳይደርስልኝ ሊቀር ነው» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ትዳር የሚባል ነገር ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ሌሊት ነው፤ ሌላውን በኋላ ራሴ አግብቼ ለፍቼ ነው የተማርኩት።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም ነበር። እኛ ሴቶቹ ተራ እንግባ ስንል አባዬ እምቢ አለ። በ77 ዓመቱ ሽሮ መሥራት ተማረ። ጨው ይበዛበታል። እሷ የምትችለው አንድ እጇን እያወዛወዘች «በዛ!» ትለዋለች፣ እሱ «እሺ» ይላል፣ ነገም ይበዛል። ጸጉሯን ያበጥርላታል። የመጣ እንግዳ ሚዶውን በእጁ ሲያይ ይደነግጣል። የሰፈሩ ወንዶች ጠጅ ቤት አሙት አሉ። ሲነገረው «ጨርቅ የሚያስተካክል እጅ ጸጉር ያቅተዋል?» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔን ደግሞ አንድ ጊዜ አድኖኛል። 13 ዓመቴ ነበር። ከገጠር ዘመዶቻችን ሽማግሌ ላኩ፤ ልጅቷን ለልጃችን አሉ። በዚያ ጊዜ ነውር አልነበረም፤ እኩዮቼ ተድረዋል። አባቴ ጠላ አስቀዳ፣ አከበራቸው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ከዚያ «አባቶቼ፣ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ልብስ አይሰፋም፤ ልኳ ገና አልታወቀም» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ሳቁ። ዓመት ቆይተው መጡ፣ «ልኳ ገና ነው» አለ። በሦስተኛው አልመጡም። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ።

እንዲህ ስል አባቴ ሁሉን የሚያስተካክል ይመስላችኋል። አይደለም። በወንድሜ ነገር ተሸንፏል።

አምስተኛው ልጅ ነው። ግንቦት 1981 ላይ፣ 16 ዓመቱ፣ አፈሳ በበዛበት ሰሞን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ጠፋ። ለማንም አልተናገረም። አባቴን የገደለው መሄዱ አልነበረም፤ ሳይነግረው መሄዱ ነው። ከካርቱም ደብዳቤ ሲመጣ እናቴ እኔን ታስነብበኛለች። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ካውያውን እየገፋ ይሰማል። አንድ ሱሪ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። መልስ ሲጻፍ «አንተስ ምን ልበልልህ?» እለዋለሁ። «ምንም» ይለኛል። ሌሊት ግን ዳዊቱን ሲጨርስ የወንድሜን የክርስትና ስም እየደጋገመ ይጠራል። ስለ እሱ ለእግዚአብሔር ይነግረዋል፤ ለእሱ ለራሱ ግን አይነግረውም። ስልክ ከገባ በኋላም እንደዚያው ነው። «አባዬ፣ መስመር ላይ ነው» ስንለው ይነሳና ወደ ውጭ ይወጣል። በዚህ ተቆጥቼዋለሁ። አሁንም ትንሽ ቅር ይለኛል፣ አልዋሻችሁም። ወንድሜም ቢሆን መጀመሪያ ወረቀት የለኝም አለ፣ ቀጥሎ ሥራ አለኝ አለ፣ ኋላ ምክንያት ሲያልቅበት ዝም አለ።

አርባው ካለፈ በኋላ በረንዳውን ልናስረክብ ዕቃውን ለቀምን። ሲንጀሩ፣ መቀሶቹ፣ የቁልፍ ጣሳ፣ የደንበኞች ልክ የሚጻፍባቸው ደብተሮች። ከደብተሮቹ አንዱ ግን የእኛ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ ልብስ እያሰለፈ ይለካን ነበር። ካገባን፣ ከወለድን በኋላም እየጠራ ይለካናል፤ «ወፍረሻል» ለማለት ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ደብተሩ ላይ ሁሉም አለ። ዓመቱ ከላይ፣ ስድስት ስም ከሥር፣ ከፊት ለፊቱ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ደረት፣ ወገብ። እኔ በ1976 እጅጌዬ 51 ሳንቲሜትር ነበር።

የወንድሜ ቁጥር ነሐሴ 1980 ላይ ይቆማል። ስሙ ግን አልቆመም። በ1981 ስሙ ተጽፎ ፊት ለፊቱ ባዶ ነው። በ82 ስሙ አለ፣ ባዶ ነው። እስከ 2006 ድረስ ቆጠርኩት። ሃያ ስድስት ባዶ መስመር።

ወንድሜ የመጣው ጥቅምት 2007 ለእናታችን ቀብር ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። አባዬ አቀፈው፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ፣ ትከሻ ለትከሻ። ስድስት ቀን አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ስለ መንገድና ስለ ብርድ ብቻ አወሩ። በሰባተኛው ቀን ማታ፣ ሰው ሲበተን፣ አባቴ ተነሳና ከምስማሩ ላይ ሜትሩን አወረደ። «ና፣ ቁም» አለው። እኔ ይህን ብቻ አይቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ደብተሩ ላይ የዚያ ቀን መስመር አለ። «ጥቅምት 2007። ትከሻ 46። እጅጌ 63። ደረት 104።» ወገብ የሚለው ቦታ አልተሞላም። ረስቶት ነው ብዬ ለወንድሜ ደወልኩለት።

«አልረሳውም» አለኝ። «ሜትሩን በወገቤ ሲያዞር እጁ እዚያው ቀረ። አልለቀቀኝም።»